ጓሮ ውስጥ ንብ ለመጀመር የትኛው ቀፎ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «እንጅባራ አቅራቢያ የምኖር አስተማሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከቤቴ ጀርባ ሰፋ ያለ ጓሮ አለኝ። አባቴ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ባህላዊ ቀፎዎች አሏቸው፤ እኔ ግን ንብ ነክቼ አላውቅም። አምስት ዘመናዊ ቀፎ በብድር ልገዛ አስቤ ነበር። አንዳንዱ ‹ዘመናዊ ካልሆነ ድካም ብቻ ነው› ይለኛል። አባቴ ደግሞ ‹የኛው ቀፎ ምን ጎደለው?› ይላሉ። የትኛውን ልምረጥ? የልጆቼም ነገር ያሳስበኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ብድሩን ተይው። ቢያንስ ለዘንድሮ። አምስት ቀፎም ለጀማሪ ብዙ ነው። ሁለት ወይም ሦስት የሽግግር ቀፎ አሠሪ፤ በባህላዊውና በዘመናዊው መሀል ያለ፣ ከላይ በተደረደሩ ጣውላዎች የሚከደን ቀፎ ነው። ግድግዳው ከአካባቢሽ ቀርከሃ ይሁን፣ በጭቃና በእበት ይለሰን። ገንዘብሽን ከላይ ለሚደረደሩት ጣውላዎች፣ ማለትም ለርብራቡ፣ እና ለመከላከያ ልብስ አውጪው። አጭሩ መልሴ ይኸው ነው። አሁን ለምን እንዲህ እንዳልኩሽ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ነገ አናጢው «እንዲህ ብናደርገውስ?» ሲልሽ የቱ ላይ እሺ፣ የቱ ላይ እምቢ እንደምትይ ታውቂያለሽ።

ከአባትሽ ቀፎ ልጀምር። በአገራችን ካሉት ቀፎዎች ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ዛሬም ባህላዊ ናቸው። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከቀርከሃ፣ ከሐረግ ወይም ከግንድ ይሠራል። ወጪው ትንሽ ነው። ንብ ይወደዋል፣ ይሞቃል፣ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ደግሞ ከሌላ ቀፎ ተከፍሎ የወጣ ንብ ራሱ መጥቶ ይገባበታል። አባትሽ ልክ ናቸው፤ ንቡን በተመለከተ ቀፏቸው የጎደለው ነገር የለም። ችግሩ ያለው በሰውየው በኩል ነው። እንጀራው፣ ማለትም ንቦቹ ማርና ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት የሰም ሥራ፣ ከቀፎው ጣሪያና ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ውስጡን ገልጦ ማየት አይቻልም። አውራዋ (እንቁላል የምትጥለው ንግሥቲቱ ንብ) ትኑር አትኑር፣ የሰም ብል ይግባ አይግባ፣ ምግብ ይኑር ይለቅ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ማር ለመቁረጥ እጅ እስከገባ ድረስ መፈልፈል ነው። በዚያ መሀል እጩም (ገና ትል የሆነው የንብ ልጅ)፣ ሙሽሬውም (ወደ ንብ እየተለወጠ ያለው)፣ አንዳንዴ አውራዋም ትጠፋለች። የተረፈው ንብ ብዙ ጊዜ ይኮበልላል። ምርቱም በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ነው። በዚያ ላይ በጨለማ ዛፍ መውጣት አለ። ለአንቺ ይህን አልመክርም።

ዘመናዊው ቀፎ ደግሞ በሌላ አስተሳሰብ የተሠራ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1852 አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሣጥን ነው። ሰውየው የተጠቀመበት እውቀት ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነው። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ሲያገኙ መተላለፊያ አድርገው ይተዉታል። ከዚያ ከጠበበ በፕሮፖሊስ (በንብ ሙጫ) ይደፍኑታል፣ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል። ስለዚህ ፍሬሞቹ፣ ማለትም እንጀራው የሚሠራባቸው የእንጨት ክፈፎች፣ በዚያ ልክ ተራርቀው ከተቀመጡ በነፃነት ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እኛ አገር በብዛት የምታገኚው ዛንደርና ላንግስትሮዝ የሚባሉትን ነው። የሁለቱ ፍሬም መጠን የተለያየ ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። አንድ ቀን ከገዛሽ አንዱን መርጠሽ በእሱ ጽኚ።

የዘመናዊው ቀፎ ትልቁ ጥቅም እንጀራው አለመሰበሩ ነው። ማሩ በመዘውር ማሽን እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ባዶው እንጀራ ተመልሶ ይገባል። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች ይባላል። እንግዲህ እንጀራውን ስትመልሽላት ያ ሁሉ ድካም ይቀርላታል፤ ትርፉ ወደ ማር ይሄዳል። ጥሩ አያያዝ ካለ ከአንድ ቀፎ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። ይህን መካድ አልፈልግም። ብዙ ቀፎ ላለው፣ መንገድ ላለው፣ የጋራ ማሽን ያለው ማኅበር ውስጥ ለገባ ሰው ዘመናዊው ቀፎ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ግን ዘመናዊ ቀፎ ብቻውን ቤትሽ አይመጣም። አሻራ የታተመበት ሰም፣ ማለትም ንቦቹ እንጀራውን የሚሠሩበት ቅርፅ ያለው ስስ የሰም ንጣፍ፣ ይፈልጋል። ሰሙን የሚያትም መሣሪያ ወይም የሚሸጥልሽ ሰው ይፈልጋል። ማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል። አውራዋ ወደ ላይኛው ሣጥን ወጥታ እንዳትጥል የሚያግድ መረብ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሚሊ ሜትር የሚያከብር አናጢ ይፈልጋል። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ይጣመማል። ሲጣመም ያ የንብ መተላለፊያ ክፍተት ይበላሻል። ከዚያ ፍሬሞቹ እርስ በርስም ከሣጥኑም ጋር ይጣበቃሉ። ብዙ የገጠር ቤቶች ውስጥ ዘመናዊ ቀፎ ዶሮ ሲታቀፍበት ወይም እህል ሲቀመጥበት አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ቀፎውን አገኙ፣ ሰሙንና ማሽኑን አላገኙም፣ ሥልጠናውም የአንድ ቀን ነበር። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም «ንብ እርባታ አያዋጣም» ብለው የተዉት ጎበዝ ሰዎች ናቸው።

የታተመ ሰም በገበያ ስትገዢ ሌላም ጣጣ አለ። ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ንቦቹ እንዲህ ያለውን ሰም ወይ አይሠሩበትም ወይ በሙቀት ይለጠጥና ይወድቃል። ለጀማሪ ይህን መለየት ይከብዳል።

አሁን ወደ ሽግግር ቀፎ እንምጣ። ይህ ቀፎ አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ ነው። የኛ አገር ባለሙያዎች ደግሞ በጣውላ ፋንታ በጨፈቃ፣ በሸምበቆና በቀርከሃ እንዲሠራ አድርገው ለገበሬ አቀረቡት። የጨፈቃ ቀፎ የሚባለው ይህ ነው። ፍሬም የለውም። ከላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚደረደሩ ጣውላዎች አሉት። ንቦቹ በእያንዳንዱ ጣውላ ሥር አንድ እንጀራ ያንጠለጥላሉ። አንዱን ጣውላ ስታነሺ እንጀራው አብሮ ይነሳል። ታያለሽ፣ ትመልሻለሽ። በቃ።

ለአንቺ ይህን የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ይህ የመክፈቻው ነገር ነው። የኛ ንብ ቁጡ ናት። ዘመናዊውን ሣጥን ስትከፍቺ ክዳኑ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ይገለጣል፤ ሁሉም ንብ ብርሃንና ነፋስ ያገኘዋል። በሽግግር ቀፎ ግን ርብራቡ ራሱ ክዳን ነው። የምትነኪው አንድና ሁለት ጣውላ ብቻ ነው። ሌላው እንደተዘጋ ይቀራል። ንብ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ልዩነት በጣም ትልቅ ነው። ከባድ ሣጥን ማንሳትም የለም። ቀፎው በወገብሽ ልክ ከተቀመጠ ቆመሽ ትሠሪያለሽ።

እንግዲህ አሁን የምነግርሽን ነገር በደንብ ያዢው። የርብራቡ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው። 30 አይደለም፣ 35ም አይደለም። 35 ለአውሮፓ ንብ የሚሆን ልክ ነው፤ ከውጭ ቪዲዮ ላይ ቀድቶ የሚሠራ አናጢ ካጋጠመሽ ያንን ሊያደርግልሽ ይችላል። የኛዋ ንብ በተፈጥሮዋ ከአንዱ እንጀራ መሀል እስከ ሌላው መሀል 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ትተዋለች። ልኩን ከጠበቅሽላት በእያንዳንዱ ጣውላ ሥር አንድ ቀጥ ያለ እንጀራ ትሠራልሻለች። ካልጠበቅሽላት በራሷ ልክ ትሠራለች፤ እንጀራው ሦስትና አራት ጣውላ አቋርጦ ያልፋል። ያኔ አንዱን ልታነሺ ስትሞክሪ ሁሉም ይቀደዳል። ገንዘብ አውጥተሽ የአባትሽን ቀፎ በክዳን አሠራሽ ማለት ነው።

አናጢው «ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። በአንድ ጣውላ ምንም አያደርግም። ግን 28 ጣውላ ስትደረድሪ የሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት 56 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለት እንጀራ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ሂጂና በማሽን አስቆርጪ። ደረቅ እንጨት ይሁን። አንድ ትክክለኛ ናሙና ያዢና የተቆረጠውን ሁሉ በእሱ ለኪ። ርዝመቱ 48 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የሁሉም ቀፎሽ ርብራብ አንድ ዓይነት መሆኑንም እርግጠኛ ሁኚ። አንዱ ቀፎ ሲደክም ከሌላው እጭ ያለበትን እንጀራ ከነጣውላው አንስተሽ ታበድሪዋለሽ። ሁለትና ሦስት ቀፎ ይሁን ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ በአንድ ቀፎ ብቻ የጀመረ ሰው አውራዋ የሞተች ዕለት የሚበደርበት የለውም።

በእያንዳንዱ ጣውላ ታችኛው ገጽ፣ መሀል ለመሀል፣ ቀጭን መስመር አስወጪ። የወጣ ጠርዝ ቢሆን ይሻላል፤ ቦይም ይሆናል። በእሱ ላይ ንጹሕ ሰም አቅልጠሽ በቀጭኑ አፍስሺ። ንቦቹ እንጀራውን ከዚያ ይጀምራሉ። ሰሙን ከአባትሽ ቀፎ ማግኘት ትችያለሽ፤ መግዛት አያስፈልግሽም።

ወደ አካሉ ስንመጣ ልኩ ብዙም አያስጨንቅ። ውስጡ ከላይ 44፣ ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ጥልቀቱ ከ22 እስከ 25፣ ርዝመቱ 90። ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ከወለሉ ጋር 120 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ንቦቹ እንጀራውን ከግድግዳ ጋር የማጣበቅ ልማዳቸው ይቀንሳል። ርብራቡ የሚያርፍባቸው ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ግን ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው። ጭቃ ላይ ርብራብ አይደረደርም፤ ይወላገዳል፣ ክፍተት ይፈጥራል፣ ጉንዳን ይገባል።

እንጅባራ በቀርከሃ የታወቀ አገር ነው፤ ምን እድል አለሽ መሰለሽ! ቀርከሃው ሦስት ዓመት የሞላው ይሁን። ለጋው በነቀዝ ቶሎ ይበላል። ተሰንጥቆ ከተሸመነ በኋላ በጭቃ፣ በጭድና በእበት ከውስጥም ከውጭም ይለሰናል። አመድ ቢጨመርበት ጥሩ ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካደረግሽው ይሰነጣጠቃል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ታገሺው፤ እርጥብ ቀፎ ውስጥ ንብ አትቆይም። የንቦቹ መግቢያ በአጭሩ ግድግዳ በኩል፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ይሁን። ከሰፋ አይጥና ትልልቅ የእሳት እራት ይገባበታል። መግቢያው በአንድ ጫፍ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። አውራዋ እንቁላል የምትጥለው ወደ መግቢያው አካባቢ ነው፤ ማሩ ወደ ጀርባ ይከማቻል። ስለዚህ ማር ስትቆርጪ ከጀርባ ትጀምሪያለሽ፣ እጩን አትነኪም።

የአዊ ደጋ ብርዱ ከባድ ነው፤ ዝናቡም እንደዚያው። የጭቃው ግድግዳ እዚህ ላይ ያግዝሻል፤ ከቀጭን ጣውላ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ግን ዝናብ ካገኘው ይታጠባል። ስለዚህ ቀፎዎቹን ዳስ ሥር አስቀምጫቸው። የሳር ጣሪያ ከሆነ ጥሩ፤ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ሳር ጨምሪበት። ሌላው ብልሃት ማካፈያ ጣውላ ነው። ልክ እንደ ቀፎው ውስጠኛ ቅርፅ የተቆረጠ ሳንቃ ነው፤ ከርብራቡ በአንዱ ላይ ይመታል። ንቡ ትንሽ ሲሆን ወደ መግቢያው ታስጠጊዋለሽ፤ ንቦቹ የሚያሞቁት ቤት ያንሳል። ሲበዙ ወደ ኋላ ትስቢዋለሽ። ጥቂት ንብ ትልቅ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ከተለቀቀ ጥሎ ይሄዳል፤ ደጋ ላይ የሚኮበልለው ንብ ብዙው ምክንያቱ ይህና ረሃብ ነው።

እግሩ ወደ ወገብ የሚደርስ ማስቀመጫ ይሁንለት። እግሮቹን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢያቸው፤ ዙሪያውን ሳር አጽጂና አመድ ነስንሺ። ለጉንዳን ይህ ይበቃል፣ ግን በየጊዜው መታደስ አለበት። ጉንዳን በአንድ ሌሊት ቀፎ ባዶ ያደርጋል።

ስለ ገንዘቡ እናውራ፤ ምርጫሽን የሚወስነው አንዱ ነገር ማሩን ማን ይገዛሻል የሚለው ነውና። እኛ አገር አብዛኛው ማር የሚሄደው ለጠጅ ነው። ጠጅ ጣይ ማሩን ከነሰፈፉ ይቀበላል፤ በማሽን ወጥቶ እንዲጠራለት አይጠይቅም። ከአንቺ የሽግግር ቀፎ የሚቆረጠው እንጀራ ለዚህ ገበያ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ይሆናል። ለገበታ በጠርሙስ ልትሸጪ ከፈለግሽም ይቻላል። እጭ የሌለበትን፣ የታሸገውን እንጀራ ብቻ መርጠሽ፣ ጨፍልቀሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ ታስቀምጫለሽ። ቀዝቃዛ አገር ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አድርጊው እንጂ እሳት ላይ አትጣጂው።

ሰሙን ደግሞ አትጣይው። ከእንጀራ ጋር ከተቆረጠ ጥሬ ማር ከመቶ ስምንት እስከ አሥር እጅ ያህል ሰም ይወጣል። ኢትዮጵያ በዓለም ከታወቁ ሰም አምራቾች አንዷ ናት፤ ሰሙ በብዛት የሚሰበሰበው ግን ከገበሬው ሳይሆን ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። ገበሬው ማሩን ከነሰፈፉ ሸጦ ሰሙን በነፃ ይሰጣል ማለት ነው። ለጧፍ የሚፈልገው አለ፣ ቀፎ ላላቸውም ይሸጣል። ሰፈፉን አጥበሽ፣ በጆንያ ቋጥረሽ፣ ውኃ ውስጥ በዝግታ ብታፈይው ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ታነሺዋለሽ። «ዘመናዊ ካልሆነ ድካም ብቻ ነው» የሚሉሽ ሰዎች ይህን አይቆጥሩም። የሽግግር ቀፎ የማር ምርቱ ከዘመናዊው ያነሰ ነው፤ በደህና አያያዝ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ብትጠብቂ ይበቃል። የሰም ምርቱ ግን ይበልጣል፤ ወጪው ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው።

ልጆችሽን በሚመለከት መጨነቅሽ ትክክል ነው። ቀፎውን ከቤቱ በተቻለ መጠን አርቂው፤ የጓሮሽ መጨረሻ ይሁን። መግቢያው ወደ ቤት፣ ወደ መንገድም ሆነ ወደ ውኃ መቅጃ አይዙር። ከፊቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ካለ ንቦቹ ገና ሲወጡ ሽቅብ ይበራሉ፤ ከሰው ጋር አይጋጩም። ሥራሽን ሲመሻሽ አድርጊው፤ ልጆቹም ከብቱም ገብተው ካለቁ በኋላ። ጎረቤት ቀድሞ ይወቅ።

እናንተ ጋ ደግሞ ፈረስ አለ። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ንብ ደግሞ የፈረስ ላብ አትወድም። የታሰረ እንስሳ ንብ ሲመጣበት መሸሽ አይችልም። ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ከቀፎው አጠገብ አይታሰር። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ አደጋው ከሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ በእንስሳ ላይ ስለሚደርስ ነው።

ከቀፎው እኩል አስቀድመሽ መግዛት ያለብሽ የፊት መከለያ፣ ሙሉ ቱታ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ማጨሻ ነው። ብርሽ ካልበቃ ከሦስት ቀፎ አንዱን ቀንሺ እንጂ ከልብሱ አትቀንሺ። ለማጨሻው ደረቅ ኩበት ጥሩ ነው፤ ጭሱ ቀዝቃዛና የሚቆይ ነው። ንብ ከነደፈሽ መርፌውን በጥፍርሽ ፍቀሽ ቶሎ አውጪው። የነደፈው ቦታ ማበጡ የተለመደ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሰውነት በሙሉ ሽፍ ካለ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቤት መዋል የለም፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ነው። ልጆችሽ ከዚህ በፊት ተነድፈው እንዲህ ያለ ነገር ያየሽባቸው ከሆነ ቀፎውን ጓሮሽ ሳይሆን አባትሽ ጋ አድርጊው።

ድንች የሚያመርቱ ጎረቤቶች ይኖሩሻል ብዬ እገምታለሁ። ለዋግም ሆነ ለተባይ የሚረጨው መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒቱም ጭምር፣ ንብሽን ይጎዳል። አትጣሊያቸው፤ አነጋግሪያቸው። ሲመሻሽ እንዲረጩ፣ አበባ ላይ ያለውን ማሳ እንዲያቆዩ፣ ከዋዜማው እንዲነግሩሽ ተስማሚ። ነግረውሽ ከሆነ ሌሊት መግቢያውን በወንፊት ሽቦ ዘግተሽ ማሳደር ትችያለሽ። አየር እንዲያገኙ አድርጊ፤ ቀኑን ሙሉ ግን አትዝጊያቸው።

ንቡ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ አባትሽ ሀብትሽ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ ንብ ይበዛል፣ ይከፈላል፣ ይወጣል። አዲሱን ቀፎ ቀድመሽ በወይራ እጠኚው፤ ውስጡንና ርብራቡን ሰም ቀቢው። የወጣ ንብ ሲያርፍ አባትሽ በልማዳቸው ይይዙታል፤ ያንን ወደ አንቺ ቀፎ ማስገባት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይህ ነው።

ከባህላዊው ቀፎ አዛውሮ ማስገባትም አለ። እንጀራው እየተቆረጠ፣ እጭ ያለበት በክር ከርብራቡ ጋር ይታሰራል፤ ንቡና አውራዋ ይከተላሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ንቦቹ ራሳቸው አጣብቀው ክሩን ይጥሉታል። ሥራው ከባድ ነው፤ ብቻሽን አትሞክሪው። የወረዳሽን የንብ ባለሙያ ጥሪ፣ አባትሽም ይኑሩ። ሁለቱንም ቀፎ አታዛውሪ። አንዱ እንዳለ ዛፉ ላይ ይቆይ። በየዓመቱ ንብ የሚወልድልሽ እሱ ነው፤ ባህላዊ ቀፎ ጠባብ ስለሆነ ንቡ ቶሎ ይሞላና ይከፈላል። አባትሽ «ምን ጎደለው?» ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ሁለቱ ቀፎዎች አብረው ይሠራሉ።

የመጀመሪያውን ማር ስትቆርጪ አትቸኩይ። እንጀራው ሦስት አራተኛው በሰም ከታሸገ በስሏል። ካልታሸገ ውኃ አለው፤ ይቦካል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ እናንተ ጋ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ማሸጊያውን ማየት የግድ ነው። እንጀራውን ስታነሺ ቁልቁል እንደተንጠለጠለ ይሁን። በጎኑ አታጋድሚው፤ ፍሬም ስለሌለው ይሰበራል። በተለይ አዲስ፣ ነጭ እንጀራ ገና ጠንካራ አይደለም። ከመግቢያው ጀምሮ ያሉትን ከሰባት ስምንት ያላነሱ እንጀራዎች ለንቡ ተይለት፤ ከነማራቸው። የጥርና የየካቲት ደረቅ ጊዜ አለ፣ ከዚያም ክረምት አለ። በክረምት ምግብ ካለቀባቸው የስኳር ብጥብጥ ስጫቸው፤ በሶ ወይም የሽሮ ዱቄትም ይወስዳሉ። ግን ለንብ ከራሷ ማር የሚተካከል ምግብ የለም፤ ቀድመሽ ብትተይላት ይሻላል።

ወደ ዘመናዊ መቼ ልሻገር ካልሽ፣ በሽግግር ቀፎ አውራዋን ፈልገሽ ማግኘት ስትችዪ፣ እጭና ማር በዓይንሽ ስትለዪ፣ ቀፎሽ ሳይኮበልል ሁለት ክረምት ሲያልፍ፣ እና በአካባቢሽ ማር ማውጫ ማሽን ያለው ማኅበር ስታገኚ ነው። ያኔ አንድ ዘመናዊ ቀፎ በራስሽ የማር ገንዘብ ግዢ። ከሌሎቹ ጋር አወዳድሪው። በጓሮሽ ከሚበቅለው አበባ አንጻር አምስት ይሁን አሥር የሚለውን ያኔ ራስሽ ትወስኛለሽ።

ክረምቱ ሳይገባ ርብራቡን አስቆርጪና አንዱን ጣውላ በሜትር ለኪው። 32 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ሳትከፍዪ መልሺለት።